የልቤን ፍሬን የያዘው ነርቭ

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣልን፣ ሌሊት ቧንቧው አየር ማፏጨት ሲጀምር ተነሥቶ ጀሪካን መሙላት የቤታችን ልማድ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ላነሣ ጎንበስ ባልኩበት ቅጽበት ልቤ መሮጥ ጀመረ። ደረጃ ስንወጣ ወይም ስንደነግጥ እንደሚሆነው ቀስ በቀስ የጨመረ አልነበረም፤ አምፖል እንደሚበራ በአንድ ጊዜ ነው የጀመረው። አንገቴ ላይ ያለው የደም ሥር ሻሼን እያነሣ ሲመታ ለባለቤቴ ከበሩ ሆኖ ይታየው ነበር። ጀሪካኑን ትቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ለ14 ዓመታት በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ እየመጣ ሲሄድ ኖሯል። አዲሱ ነገር በዚያ ሌሊት ሳይቆም ሐኪም ቤት መድረሴ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም እንደ እኔ ለዓመታት «ጭንቀት ነው» እየተባሉ የሚመላለሱ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ብዙ እንደሆኑ ስለማምንና እኔን የረዳኝ ነገር ቀላል ሆኖ ሳለ ማንም በወጉ አሳይቶኝ ስለማያውቅ ነው።

በእነዚያ 14 ዓመታት ያልተባልኩት ነገር የለም። አንደኛው ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኝ፤ ሌላው ደም ማነስ ነው ብሎ የብረት እንክብል አዘዘልኝ፤ በአንዱ ደግሞ ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ከትዳርሽ ጋር ሰላም ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝና የእንቅልፍ መድኃኒት ጻፈልኝ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያመኛል። የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚያሳየውን ኢሲጂ ያነሡኝም ነበሩ፤ ነገር ግን ካርድ አውጥቼ፣ ተራ ጠብቄ፣ አልጋው ላይ እስክተኛ ድረስ ልቤ ወደ ልኩ ይመለስ ስለነበር ወረቀቱ ሁልጊዜ «ደህና ነሽ» ይላል። የዚህ ዓይነቱ ሕመም ባሕርይ ይኸው ነው። ካልተነሣ አይታይም፤ ልብ በሚሮጥበት ሰዓት የተነሣ አንድ ወረቀት በደህና ጊዜ ከተነሡ ሃያ ወረቀቶች ይበልጣል። እኔ ያኔ ልነግራቸው እየቻልኩ ያልነገርኳቸው ሁለት ምልክቶችም ነበሩ፤ አንዱ ያ የአንገት ምት ሲሆን፣ ሌላው የልቤ ሩጫ ካቆመ በኋላ ደጋግሞ የሚመጣው ብዙ ሽንት ነው። ሁለቱም የሕመሙ አካል መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። በድንገት ጀምሮ በድንገት የሚያቆም መሆኑ ግን ከሁሉ በላይ የሚናገር ምልክት ነውና፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «ልቤ ይመታል» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ፤ አጀማመሩንና አቋቋሙን ተናገሩ።

በዚያ ሌሊት የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በመኪናቸው አደረሱን። ድንገተኛ ክፍል ስገባ ልቤ በደቂቃ 188 ይመታ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱ ከማሽኑ እየወጣ ሳለ ማንበብ ጀመረ፤ ቀጫጭን፣ እኩል የተራራቁ፣ የማያቋርጡ ጥርሶች ነበሩ። «ይህ ኤስቪቲ ነው፤ ጭንቀት አይደለም» አለኝ። ኤስቪቲ ማለት ከልብ የታችኛው ክፍል በላይ የሚነሣ ድንገተኛ የልብ ሩጫ ነው። አለቀስኩ። አሞኝ ሳይሆን፣ ሰው ስላመነኝ ነው።

በመጀመሪያ በጀርባዬ እንደተኛሁ «እንደ ወሊድ አምጪ» አሉኝና ሞከርኩ፤ አልቆመም። ከዚያ አዴኖሲን የሚባለውን መድኃኒት፣ 6 ሚሊግራም፣ በክንዴ ትልቅ የደም ሥር በፍጥነት ገፍተው ወዲያው በጨው ውኃ አጠቡት። መድኃኒቱ ደም ውስጥ የሚቆየው ለሰከንዶች ብቻ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚጣደፉት። ሐኪሙ አስቀድሞ «ለጥቂት ሰከንድ የምትሞቺ ይመስልሻል፤ አትሞቺም» ብሎ ነግሮኝ ነበር፤ በእውነትም ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ፣ ወረቀቱም ላይ መስመሩ ለትንሽ ጊዜ ጠፍጣፋ ሆነ፣ ከዚያ 84 ላይ በሰላም ቀጠለ። ይህን መርፌ የምትወስዱ ሰዎች፣ ቡና ጠጥታችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥቶ ለሚመጣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሬ፣ በአንዱ ሲምፓተቲክ፣ በሌላው ፓራሲምፓተቲክ ብዬ ጽፌ፣ አንዱ ልብን ያፈጥናል፣ አንዱ ያዘገያል እያልኩ ስንት ክፍል እንዳስተማርኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ኦቶ ሌቪ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1921 የእንቁራሪት ልብ ወስዶ ልብን የሚያዘገየውን ቬገስ የተባለ ነርቭ እንዴት እንደ ነካካ፣ ልቡ ሲዘገይ በዙሪያው የነበረውን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ሲያፈስ ሁለተኛውም ማንም ሳይነካው እንዴት እንደ ዘገየ፣ በዚህም ነርቭ በኬሚካል እንደሚናገር አሳይቶ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት እንደ ተካፈለ በስሜት እተርክላቸው ነበር። ያ ነርቭ የእኔን ልብ ከ188 ወደ 84 ሊያወርድ እንደሚችል ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብ የራሷ ምት አመንጪ፣ ምንም ነርቭ ባይደርስባት፣ በደቂቃ ወደ 100 ገደማ ትመታለች፤ ተቀምጠን ስናርፍ 60ና 70 የሚሆነው ከአንጎል ግንድ በአንገት በኩል የሚወርደው ቬገስ ሳያቋርጥ ፍሬን ስለሚይዝ ነው። የእኔ ዓይነቱ ሕመም ደግሞ የሚፈጠረው በልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ባለችው ኤቪ ኖድ በምትባል መተላለፊያ ላይ ነው። በብዙ ሰው አንድ መንገድ ሆኖ የሚሠራው፣ በእኛ አንዱ ፈጣን ሌላው ቀርፋፋ የሆኑ ሁለት መንገዶች ነው፤ አንዲት ያለ ጊዜዋ የመጣች ምት በአንዱ ወርዳ በሌላው ተመልሳ መሽከርከር ትጀምራለች። መገናኛ አደባባይ ላይ መውጫ ጠፍቶበት የሚዞር ሚኒባስ አስቡ፤ በዞረ ቁጥር አንድ ምት ወደ ታች ይልካል። ቬገስ በደንብ ሲነሣ አሴታይልኮሊን የሚባለውን ኬሚካል በዚያች መተላለፊያ ላይ ይረጫል፣ መተላለፊያዋም ለአፍታ ትዘጋለች፣ የሚዞረውም ዑደት አንዴ ከተቋረጠ ያበቃል። አፍታ ብቻ መሆኑ በቂ ነው።

ታዲያ ቬገስን እንዴት ነው የምናስነሣው? በዚያ ሌሊት በጀርባዬ ተኝቼ ያደረግሁት ማማጥ የድሮው አደራረግ ነበር። ስሙን ያገኘው አንቶኒዮ ቫልሳልቫ ከተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1704 ስለ ጆሮ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ዘዴውን ካሰፈረ ጣሊያናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ የወጣ ሪቨርት የተባለ ጥናት፣ በእንግሊዝ አገር በ10 ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍሎች 428 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን በድሮው አደራረግ፣ ግማሾቹን ደግሞ ካማጡ በኋላ ወዲያው በጀርባ አስተኝቶና እግራቸውን አንሥቶ አነጻጸረ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ልባቸው ወደ ልኩ የተመለሰላቸው በድሮው 17 በመቶ፣ በአዲሱ 43 በመቶ ሆኑ። ለውጡ የመጣው በመድኃኒት ሳይሆን እግርን በማንሣት ነው። ይህን ያስረዱኝ ጠዋት ተረኛ የነበሩት ነርስ ናቸው፤ ወንበር ስበው አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡና ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ከማሸጊያው አውጥተው ሰጡኝ። «ይኸውልሽ የኔ እናት፣ ቤትሽ ስትሄጂ ይህን ከነጠላሽ አትለዪው» አሉኝ። እኔም አልለየሁትም።

አደራረጉን እርሳቸው እንዳሳዩኝ እነግራችኋለሁ፤ የራሳችሁ ሐኪም ሳይፈቅድ ግን አትጀምሩት። አልጋ ላይ ትራስ ደራርቤ ጀርባዬን ግማሽ ቀና አድርጌ እቀመጣለሁ። የሲሪንጁን ዘንግ አስቀድሜ አንድ ሁለቴ ወደ ኋላና ወደ ፊት አላላዋለሁ፤ አዲስ ሲሪንጅ ይደርቃልና። መርፌ በሚገጠምበት በኩል አፌን ገጥሜ ዘንጉ በመጠኑ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ እነፋና ያንኑ ግፊት ሳላጎድል 15 ሰከንድ እቆያለሁ። የሚቆጥረው ባለቤቴ ነው፤ እኔ ብቆጥር አሳጥረዋለሁ። 15 ሲል ነፋሱን እለቃለሁ፣ እርሱም በዚያችው ቅጽበት ትራሶቹን ከኋላዬ ስቦ በጀርባዬ ያስተኛኛል፣ ሁለቱን እግሮቼን ደግሞ ከፍራሹ 45 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ለ15 ሰከንድ ይይዛቸዋል። ከዚያ ወደ ግማሽ መቀመጥ ተመልሼ ሌላ 45 ሰከንድ ጸጥ ብዬ እጠብቃለሁ። ካልቆመ አንድ ጊዜ ብቻ እደግመዋለሁ።

ስናምጥ በደረታችን ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይይዘዋል፤ ትንፋሹ ሲለቀቅና እግር ከፍ ሲል የተያዘው ደም በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፣ የደም ግፊቱም ለጥቂት ሰከንድ ከልኩ በላይ ይወጣል። በአንገት ትልልቅ የደም ሥሮችና ልብ አጠገብ ያሉ ጠባቂ ነርቮች ይህን አይተው ለአንጎል ግንድ ይናገራሉ፣ አንጎልም ቬገስን ያዛል። ስለዚህ የመኝታው ፍጥነት ወሳኝ ነው። እኛ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት ያልተሳካልን ባለቤቴ ስለ ፈራልኝ ቀስ ብሎ ያስተኛኝ ስለነበር ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ልቤ ደህና በሆነበት ሰዓት፣ ትልቋ ልጃችን የስልኳን ሰዓት ይዛ አምስት ጊዜ ደጋግመን ተለማመድነው። በሽታው ሲነሣ የሚጨንቀው በሽተኛው ብቻ አይደለምና የቤት ሰውም ልምምድ ያስፈልገዋል።

በደብተሬ የያዝኩት ቁጥር ይህ ነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ 17 ጊዜ ተነሥቶብኛል። 11 ጊዜ በዚህ ዘዴ ቆሟል፤ 3 ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ፤ 3 ጊዜ ደግሞ ምንም ሳይሆን ቀርቶ ድንገተኛ ክፍል ሄጄ በመርፌ ቆሟል። የአንድ ሰው ቁጥር ስለሆነ ለሌላው መለኪያ አይሆንም፤ ያልሠራባቸው ቀናትም እንዳሉ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

የቀዝቃዛውን ውኃ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ገና በሽታዬ ሳይታወቅ እናቴ ጠበል ትወስደኝ ነበር። በአንዱ የሐምሌ ጠዋት ልቤ እየሮጠ ተራዬ ደረሰና አባ ያን በረዶ የመሰለ ጠበል ፊቴ ላይ ሲያፈሱት ትንፋሼ ቆመ፣ ወዲያው ልቤም ወደ ልኩ ተመለሰ። እናቴ እልል አለች። ፊት በቀዝቃዛ ውኃ ሲነካና ትንፋሽ ሲያዝ የፊትን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ ለአንጎል ነግሮ ቬገስን እንደሚያስነሣው፣ ውኃ ውስጥ የሚጠልቁ እንስሳትም ልባቸውን በዚሁ መንገድ እንደሚያዘገዩ ዛሬ አውቃለሁ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «እና ነርቩን ማን ፈጠረው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ከእርሷ ጋር ነኝ። ጠበሉንም መድኃኒቱንም ይዣለሁ። ቤት ውስጥ ግን የማደርገው ሌሊቱን በረንዳ ላይ ካደረ ውኃ ሳህን ሞልቶ፣ ትንፋሽ ወስዶና ይዞ፣ ፊትን ከግንባር እስከ አገጭ ለጥቂት ሰከንድ መንከር ነው።

አሁን የሚያስፈራኝን ልናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ የሮጠበት ሰው ይህን ሁሉ ትቶ በቀጥታ ኢሲጂ ወዳለበት ይሂድ። የልብ ፍጥነት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከልብ የታችኛው ክፍል የሚነሣው ዓይነት ሊገድል ይችላል፣ ያ የተዛባና እኩል ያልሆነው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውም በማማጥ አይቆምም። ደረት ካመማችሁ፣ ዓይናችሁ ከጨለመ፣ ከወደቃችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ሲሪንጅ አትፈልጉ፤ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ጥሩ ወይም ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። በቅርብ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የደረሰበት፣ የልብ በር ጥበት ያለበት፣ የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ማማጥ ሊጎዳው ስለሚችል ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክር። አንገትን ማሸት በሐኪም እጅ ብቻ ነው፤ በዕድሜ የገፋ ሰው የአንገት ደም ሥር ላይ ያለ ቆሻሻ ተፈናቅሎ አንጎል ሊመታ ይችላል። ዓይንን መጫን የሚባለው የድሮ ዘዴ ደግሞ የዓይንን መጋረጃ ሊያላቅቅ ስለሚችል ጨርሶ አይደረግ። ይህን የማነሣው ጎረቤት ልትረዳኝ ብላ ዓይኔን በሁለት አውራ ጣቷ ልትጫን ስለ ነበር ነው።

ፍሬኑ እንዲህ ከሆነ፣ ነዳጁን መቀነስም አለ። ሐኪሜ የሰጠኝ ሜቶፕሮሎል የሲምፓተቲኩን፣ ማለትም የአድሬናሊኑን ወገን የሚያለዝብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አራት ፎቅ መውጣት ከበደኝ፤ ከዚያ ለመድኩት። ይህን መድኃኒት አልቆብኛል ብሎ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነ፣ ገና አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ነው የምገዛው። ጫት የሚቅም ሰው ይህን መድኃኒት እየወሰደ ከቃመ በአንድ እግሩ ፍሬን፣ በሌላው ነዳጅ እንደሚረግጥ ሾፌር ነው። እኔ ያቆምኩት ቶናንና በረካን ነው፤ አቦሉን አላቆምኩም፣ ሐኪሙም አልከለከለኝም። በዐቢይ ጾም ደግሞ ውኃ ሳልጠጣ ውዬ ጎንበስ ብዬ ልብስ ሳጥብ እንደሚነሣብኝ ደብተሬ ስላሳየኝ፣ ማጠቢያውን ሳፋ ከወለል ወደ ጠረጴዛ አውጥቼዋለሁ።

በቅርቡ ወንድሜ ጆሮ ላይ እየተሰካ ቬገስን በኤሌክትሪክ የሚነካ መሣሪያ በውድ ዋጋ ሊገዛልኝ ፈልጎ ነበር። ነገሩ መሠረት የለሽ አይደለም፤ የቬገስ አንድ ቅርንጫፍ በእርግጥ ጆሮ ላይ ይደርሳል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናትም በ53 ሰዎች ላይ በቀን አንድ ሰዓት ለ6 ወር ሲሞከር መሣሪያው በትክክል የተሰካላቸው ሰዎች ሕመም ከሌሎቹ በ85 በመቶ ያነሰ ሆኖ እንደ ተገኘ ገልጿል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የታመሙት አልፎ አልፎ የሚነሣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን እንጂ የእኔ ሕመም አይደለም፤ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው። ነርቩ አንድ ቢሆንም ሕመሙ ልዩ ልዩ ነው። ወንድሜን አመስግኜ ገንዘቡን ለሌላ ነገር እንዲያስቀምጠው ነገርኩት፤ የሚቀመጥለትም ነገር አለ። ያችን ቀርፋፋ መንገድ በቀጭን ሽቦ ገብቶ በሙቀት የሚያጠፋ አብሌሽን የሚባል ሕክምና አብዛኛውን የእኔ ዓይነት በሽተኛ ለአንዴና ለመጨረሻ ያድናል፤ ጥቂቶችን ግን መተላለፊያዋን ጎድቶ የልብ ባትሪ እንዲያስፈልጋቸው ያደርጋል። ሐኪሜ «በዓመት ስንቴ እንደሚነሣብሽ ደብተርሽን ይዘሽ ነይና እንወስናለን» ብሎኛል።

እስከዚያው ሲሪንጁ፣ ደብተሩና የዚያ ሌሊት ኢሲጂ በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ሆነው ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። የኢሲጂው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ይጠፋል፤ የእኔው ገና በሦስተኛ ዓመቱ ጠርዙ ነጥቷል። እንዲህ ያለ ወረቀት ከእጃችሁ ከገባ በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ አስደርጉት፣ በስልካችሁም አንሡት፤ የምትሄዱበት ሐኪም ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።